በረሃ ላይ በብስክሌት ስታድሩ በምን ትታጠባላችሁ? ከአዋሽ እስከ ሎግያ ለሚጓዙ የንጽህና አማራጮች ንጽጽር

ከአዋሽ ሰባት ወርዳችሁ ሁለት ቀን ፔዳል ከመታችሁ በኋላ፣ ማታ ማልያችሁን ስታወልቁ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው ቀለበት ታገኛላችሁ። ጨርቁ ደርቆ እንደ ካርቶን ቀጥ ይላል። አንገታችሁ ላይ አቧራና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀላቅሎ ጭቃ ሆኗል። ጭናችሁ መሃል ያቃጥላል። ብስክሌቱ ላይ የቀረው ውሃ ደግሞ አራት ሊትር ነው። እሱም የነገ ጠዋት መጠጥ ነው።

በምን ትታጠባላችሁ?

ብዙ ሰው «ዋይፕስ ይበቃኛል ወይስ የፀሐይ ሻወር ልግዛ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ መልሼ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ የምታድሩበት ቦታ ስንት ሊትር ውሃ አለ? ዕቃው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ አፋር መንገድ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ሎግያና ሰመራ የሚያደርሰው አስፋልት። አዋሽ ወደ 1000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሚሌ ስትደርሱ ከ500 ሜትር በታች ወርዳችኋል። ለብስክሌት የሚሻለው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በፍጹም አልመክርም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። በተለይ ከገዋኔ እስከ ሚሌ ባለው አካባቢ የአፋርና የኢሳ ግጭት በየጊዜው ይነሳል። ድንኳን ያገኙት ሜዳ ላይ አይተከልም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ስታድሩም ከተማ ውስጥ፣ ሻይ ቤት ጓሮ ወይም ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ እደሩ። ይህ የመታጠቡንም ነገር ይለውጠዋል። የምትታጠቡት ሰው በሚመላለስበት ግቢ ነውና ገመና መሸፈኛ የግድ ነው።

## በምን እንለካቸው?

የመጀመሪያው መለኪያ ውሃ ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ የሚጎትተውም እግራችሁ ነው። በዚህ ሙቀት ስትነዱ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ትጠጣላችሁ። በአደጋ ጊዜ የርዳታ ድርጅቶች ለአንድ ሰው በቀን በትንሹ 15 ሊትር ያሰላሉ፤ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለንጽህና አንድ ላይ። ብስክሌተኛ ይህን መሸከም አይችልም። ለመታጠቢያ የሚተርፈው ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ነው።

ሁለተኛው ቆዳ ነው። ላብ ሲደርቅ ጨው ይቀራል፣ ጨው ደግሞ ቆዳ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ኮርቻው ላይ የሰውነታችሁ ክብደት ተጨምሮበታል። የተላጠ ቆዳ፣ ሙቀት፣ እርጥበትና ባክቴሪያ ሲገናኙ ብጉንጅ ይወጣል። በመጀመሪያ ጉዞዬ ይህን አላውቅም ነበር፤ በዋይፕስ ብቻ ተማምኜ ወጣሁ። በአራተኛው ቀን መቀመጥ አቃተኝ። ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ ጭኜ ሚሌ ገባሁና ሦስት ቀን በሆዴ ተኛሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ ሳይ የምጠይቀው «ይቀዘቅዘኛል ወይ?» ብዬ አይደለም። «ጨዉን ከብሽሽቴ ያነሳልኛል ወይ?» ብዬ ነው።

ከዚያ ጭነት፣ ገመናና ቆሻሻ ይከተላሉ። ደረቅ መሬት ላይ የተጣለ ነገር አይበሰብስም። ዛሬ የጣላችሁትን ዋይፕስ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው እሾህ ላይ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ፤ ካልሆነም ፍየል በልታዋለች።

## ዋይፕስ

ውሃ አይፈልግም፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ በሁለት ደቂቃ ትጨርሳላችሁ። ጥሩነቱ ይኸው ነው። ችግሩ ጨውን ሙሉ በሙሉ አለማንሳቱ ነው፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይቀባዋል። ብዙዎቹ ላይ ያለው ሎሽን ቆዳ ላይ ይቀርና የነገን አቧራ ይይዛል። ሽቶና አልኮል ያለበት ከሆነ የተላጠ ቆዳ ላይ እንደ እሳት ያቃጥላል። አብዛኞቹ የፕላስቲክ ክር ስላለባቸው አይቀበሩም፣ አይቃጠሉም፤ ይዛችሁ ነው የምትመለሱት።

ከወሰዳችሁ ለሕፃናት የሚሆነውን፣ ሽታ የሌለውን ምረጡ። ሙቀቱ ቶሎ ስለሚያደርቀው ማሸጊያውን በሌላ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጉት። እኔ አሁን የምይዘው አንድ ትንሽ እሽግ ነው፤ ውሃ ፈጽሞ ለጠፋበት ምሽት።

## ጨርቅና ግማሽ ሊትር ውሃ

ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ስስ ጨርቆች፣ ቁራጭ ሳሙናና ግማሽ ሊትር ውሃ ነው። አንደኛው ጨርቅ የሳሙና፣ ሁለተኛው የማጥሪያ ይሁን። የሳሙናውን አርጥቡና ሳሙናውን አንድ ጊዜ ብቻ አሹት። ሳሙና ባበዛችሁ ቁጥር ማጥሪያ ውሃ ይበዛል፤ ቆዳ ላይ የቀረ ሳሙና ደግሞ ራሱ ያሳክካል። ከፊት ጀምሩ፤ ከዚያ አንገት፣ ብብት፣ የጭን መሃልና ብሽሽት። እግር መጨረሻ ነው። ከእግር ወደ ላይ የተመለሰ ጨርቅ የጣት መሃል ፈንገስን ብሽሽት ላይ ያደርሳል። ከውሃው ግማሹን ለብሽሽት ብቻ አስቀሩለት። ጀርባ ቢቀር ምንም አይላችሁም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። እንደደረሳችሁ፣ ላቡ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታጠቡ። የበረሃ አየር ደረቅ ስለሆነ እርጥብ ገላ ላይ ያለው ውሃ ቶሎ ይተናል፤ ሲተን ያቀዘቅዛል። ከሰዓት በኋላ ይህ እፎይታ ነው። በጥር ሌሊት አዋሽ ላይ ግን ያንቀጠቅጣል። ጨርቆቹን እጠቡና የፍሬን ሽቦው ላይ ስቀሏቸው። ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ይደርቃሉ።

## ማንቆርቆሪያ ወይም የተበሳ ሃይላንድ

ገዋኔ ላይ አንድ ሻይ ቤት ጓሮ አድሬ ነበር። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። ጆግ ይዤ ውሃውን በአናቴ ላይ ስደፋው አዩኝና «ቀስ፣ ልጄ» ብለው የመስጊድ ፕላስቲክ ማንቆርቆሪያቸውን አመጡልኝ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ከማንቆርቆሪያው አፍ የምትወርደው ውሃ ከእርሳስ አትወፍርም። ሌላው እጅ ውሃዋን እየተከተለ ቆዳውን ያሻል። አንድም ጠብታ ሥራ ሳይሠራ መሬት አልደረሰም።

ይህ እውቀት ቆየት ያለ ነው። በሐዲስ እንደተላለፈው ነቢዩ ሙሐመድ ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን ትጥበት) የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውሃ ነበር፤ ገላቸውን የሚታጠቡት ደግሞ በአንድ ሷዕ፣ ማለትም በአራት ሙድ፣ ሲበዛ በአምስት። ሙድ በግምት ከ0.6 እስከ 0.7 ሊትር ነው። እንግዲህ አስሉት። ሙሉ ገላ ከሦስት ሊትር ብዙም በማይርቅ ውሃ ይታጠባል ማለት ነው። ከተማ ውስጥ በአንድ ሻወር ስንት ባልዲ እንደምናፈስ ሳስብ ይገርመኛል።

ማንቆርቆሪያ መሸከም አይጠበቅባችሁም፤ በየሻይ ቤቱ አለ። ከሌለ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን በጋለ መርፌ አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ጨመቅ ስታደርጉት ሻወር ይሆናል። የተበሳው ክዳን ክብደት የለውም፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ማታ ብቻ ይገጠማል። በሁለት ሊትር ጥሩ አድርጋችሁ ትታጠባላችሁ፤ ረጅም ፀጉር ካላችሁ ሦስት ይሁን። ቦኖ ወይም ጉድጓድ አጠገብ ባደራችሁበት ሌሊት ሁሉ ይህን ምረጡ። ውሃ ተሸክማችሁ በመጣችሁበት ሌሊት ግን ወደ ጨርቁ ተመለሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በስምጥ ሸለቆ የአንዳንድ ጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ሳሙናው አረፋ ካላወጣ፣ ቆዳችሁም ሲደርቅ ከከረረ፣ በመጨረሻ ብሽሽትን በመጠጥ ውሃ አንድ ጊዜ አጥሩት። አንድ ብርጭቆ ይበቃል።

## የፀሐይ ሻወር ከረጢት

ከ10 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ላይ ይሞቃል፣ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ፎቶው ሲያዩት ያማልላል። ግን 10 ሊትር 10 ኪሎ ነው። ከራስ በላይ የሚሰቅለው ጠንካራ ቅርንጫፍ ይፈልጋል፤ በዚህ መንገድ ያለው ዛፍ ደግሞ ባብዛኛው እሾሃም ግራርና ፕሮሶፒስ ነው። ከሁሉም በላይ አፋር ላይ ውሃ ማሞቅ ችግር ሆኖ አያውቅም። ብስክሌቱ ላይ የታሰረው ጠርሙስ ራሱ ከሰዓት በኋላ የሻይ ውሃ ያህል ይሞቃል። ቀትር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ከረጢት ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል።

መኪና አብሯችሁ ካለ ወይም ብርዳማ ደጋ ላይ ከሆናችሁ ይጠቅማል። በብስክሌት ብቻ ለሚሄድ ሰው አይሆንም።

## ከፍሎ መታጠብ

አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያና ሰመራ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉባቸው ከተሞች ናቸው። አልጋ ሳትይዙ ለሻወር ብቻ ከፍላችሁ መግባት የሚቻልባቸው ቤቶች አሉ። ሳትከፍሉ በፊት ግን ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱት። አንድ ጊዜ «ውሃ አለ» ተብዬ ከፍዬ፣ ሳሙና ተቀብቼ ከቆምኩ በኋላ ጠፋ። ሌላው ነገር ሰዓት ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቀኑን ሙሉ ሲጋገር ስለሚውል ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ውሃ ፈላ ማለት ይቀለዋል። ንጋት ላይ ግቡ። ነጠላ ጫማ አትርሱ።

ሁለት ወይም ሦስት ቀን ላይ አንድ ጊዜ እንዲህ መታጠብ ፀጉርን፣ ጀርባን፣ ልብስንም አንድ ላይ ይገላግላችኋል። በየቀኑ በዚህ ብቻ መተማመን ግን አይቻልም። ጎማ ፈንድቶ ከከተማ በፊት ከመሸ ያላችሁ ጨርቃችሁ ነው።

## ወንዝ፣ ቦይና ሐይቅ

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። አዋሽ ወንዝ አዞ አለበት። በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ ቦዮች አካባቢ ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ እግር መንከርም አደጋ ነው። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ጨዋማና ሶዳማ ነው፤ ቆዳ ያደርቃል። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ፍልውሃ ደስ ይላል፤ የፓርኩን ጠባቂ ግን የትኛው ኩሬ እንደሚፈቀድ ሳትጠይቁ አትግቡ።

## ሁሉም በአንድ ላይ

| አማራጭ | ውሃ ለአንድ ጊዜ | ጨው ያነሳል? | ጭነት | ቆሻሻ | ወጪ | የሚሆነው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ዋይፕስ | የለም | በከፊል | መካከለኛ | ብዙ | በየቀኑ ይበላል | ለአደጋ ጊዜ |
| ጨርቅና ሳሙና | ግማሽ ሊትር | አዎ፣ ብሽሽት ላይ ከተተኮረ | የለም ማለት ይቻላል | የለም | በጣም ትንሽ | ለየዕለቱ |
| ማንቆርቆሪያ/የተበሳ ሃይላንድ | 2–3 ሊትር | በደንብ | የለም ማለት ይቻላል | የለም | በጣም ትንሽ | ቦኖ ባለበት ማደሪያ |
| የፀሐይ ሻወር | 10 ሊትር ገደማ | በደንብ | ከባድ | የለም | ከፍ ያለ | መኪና ላለው ቡድን |
| የከተማ ሻወር | የቤቱ ውሃ | በደንብ | የለም | የለም | እንደ ቤቱ | በ2–3 ቀን አንድ ጊዜ |
| ወንዝና ቦይ | – | – | – | – | – | አይመከርም |

## ፎጣ ወይስ ሽርጥ? አንድ ቁምጣ ወይስ ሁለት?

የስፖርት ሱቆች የማይክሮፋይበር ፎጣ ይሸጣሉ። ይደርቃል፣ ይቀላል። እኔ ግን ሽርጥ ያዙ እላለሁ። የአፋር ወንዶች ወገባቸው ላይ የሚያገለድሙትን ስስ ጨርቅ ማለቴ ነው። ወገብ ላይ ታስሮ ውስጥ ውስጡን መታጠብ ይቻላል፤ ማንም ምንም አያይም። ሴቶች ብብት ላይ ያስሩታል። ከታጠቡ በኋላ እሱው ፎጣ ነው፣ ማታ አንሶላ፣ ቀን የራስ መጠምጠሚያ። ግቢው ውስጥ ሽርጥ ለብሶ የተቀመጠ እንግዳ ቁምጣ ለብሶ ከሚንጎራደድ ይልቅ እንደሚከበርም አይቻለሁ።

ቁምጣ ላይ አትቆጥቡ። ባለ ስፖንጅ ሁለት ቁምጣ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲለበስ ሌላው ይታጠባል። ከስሩ ፓንት አይለበስም፤ ስፌቱ ነው ቆዳ የሚልጠው። አንድ ሊትር ውሃ ላይ ገልብጣችሁ እጠቡት፣ በማግስቱ ስፖንጁን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ጭነቱ ላይ እሰሩት። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ማታውኑ ታጥቦ ነፋስ ላይ ይዋል፤ በዚህ አየር እስከ ንጋት ይደርቃል።

ለላይኛው ሰውነት ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ እጅጌው ረጅም የጥጥ ሸሚዝ እወዳለሁ። ጥጥ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ በደረቅ ሙቀት ያ ማቀዝቀዣ ነው። ጭን መሃል ግን ያው እርጥበት ጠላት ነው፤ እዚያ ጥጥ አይሁን።

ቫዝሊንና ቤቢ ፓውደርም ይምታታሉ። ቫዝሊን ጠዋት፣ ኮርቻ ከመውጣታችሁ በፊት፣ መፋጨት ያለበት ቦታ ላይ። ፓውደር ማታ፣ በታጠበና በደረቀ የእግር ጣት መሃል። ፓውደር ተቀብታችሁ ከነዳችሁ በላብ ተጓጉሎ ራሱ ይልጣችኋል።

## ማደሪያውና የቀረው

ጨርቁ ድርብ የሆነ ድንኳን በዚህ ሙቀት ምድጃ ነው። የላይኛውን ገፋችሁ መረቡን ብቻ ትከሉ፤ ካልሆነ ሾፌሮቹ እንደሚያደርጉት ደጅ የሚከራይ አልጋ ይዛችሁ አጎበር ስቀሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ነፋስ ታገኛላችሁ፣ ከጊንጥም ከፍ ትላላችሁ። አካባቢው የወባ ስለሆነ አጎበሩ በመድኃኒት የተነከረ ይሁን። መሬት ላይ ከተኛችሁ ፍራሹን ሳትነፉ መሬቱን በእጃችሁ ዳብሱ፤ የአካባቢው ሰው «ደርጊ ሃራ» የሚለው የፕሮሶፒስ እሾህ ጎማም ፍራሽም አይምርም። ጠዋት ጫማ ሳይራገፍ አይለበስም።

እጅን በተመለከተ ሳኒታይዘር ሳሙናን አይተካም፤ ቆሻሻ ወይም ግራሶ ባለበት እጅ ላይ በደንብ አይሠራም። የሰንሰለት ግራሶ በትንሽ ኦሞና አሸዋ ይለቃል። ሽንት ቤት ከሌለ አንድ ስንዝር ጉድጓድ፣ ከውሃና ከመንገድ ራቅ ብሎ። ሶፍቱ አይቀበርም፤ በውሃ መታጠብ ከሁሉም ይሻላል፣ ከዚያ እጅ በሳሙና።

ለሴቶች፦ አብራኝ የተጓዘች ጓደኛዬ እንዳየችው ተራ ሞዴስ ኮርቻ ላይ ይፈገፍጋል፣ ቆሻሻውም ይዞራል። የሚታጠበው ጨርቅ ውሃ ይበላል። የወር አበባ ካፕ የለመደች ሴት እስከ 12 ሰዓት ታቆየዋለች። ንጹሕ እጅና ከጉዞ በፊት ማፍላት ግን ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በረሃ ላይ አይሞከርም።

## ለማን የቱ?

በጣም ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ሁለት ጨርቅ፣ ሳሙና፣ የተበሳ ክዳንና ሽርጥ ያዙ። ከዚህ የጎደለ ነገር የለም።

ትንሽ ከተረፋችሁ መጀመሪያ ሁለተኛ ቁምጣ ግዙ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ የከተማ ሻወር። ዋይፕስ ከእነዚህ በኋላ ነው።

መኪና ተከትሏችሁ በቡድን የምትሄዱ ከሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የፀሐይ ሻወር ያዋጣል። ከመኪናው ጀርባ ሽርጥ ወጥራችሁ መታጠቢያ ቤት መሥራት ትችላላችሁ።

ከከተማ ርቃችሁ ውሃ ከተጨነቀባችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለብሽሽት ብቻ ስጡ፤ ሌላውን ሁሉ ተዉት። የሙስሊም ጓደኞቼ ውሃ ሲጠፋ በንጹሕ አፈር ተየሙም አድርገው ይሰግዳሉ፤ የሚጠጣው ውሃ ለነፍስ ይቀራል። እናንተም የመጠጡን አትንኩ።

ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ብጉንጅ አውጥቶባችሁ ከሆነ፣ በየቀኑ ማታ መስታወት ይዛችሁ እዩት። ቀላ ብሎ ሲነኩት ካመመ በማግስቱ አትንዱ። በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ በሽርጥ ብቻ ዋሉ። እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ ጫኑት።